ሳያመን የምንሄድበት ምርመራ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይህን ጉዳይ ያነሣሁት የመረዳጃ ሒሳባችንን ስሠራ «ለማኅፀን በር ካንሰር ሕክምና» የሚል ወጪ ባየሁ ቁጥር ስለምቆጭ ነው። የሚያስቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ቀድሞ ሊያዝ የሚችል በሽታ መሆኑ ነው።

ካንሰር ሁሉ በዘር የሚመጣ የሚመስለን ብዙ ነን። የማኅፀን በር ካንሰር ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መነሻው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። (የጉበት ካንሰርንም ሄፓታይተስ ቢ ሊያመጣው ይችላል።) ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ሐሜቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እህቶቼ፣ ግንኙነት ከጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹን አንድ ቀን ይይዛቸዋል፤ ለዓመታት ተደብቆ ስለሚቆይም መቼና ከማን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ሚስትን መጠርጠርም ሆነ ባልን መክሰስ መሠረት የለውም።

አብዛኛውን ጊዜ ሰውነታችን ቫይረሱን በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል። ያልጠፋው ግን ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል፤ ኤች አይ ቪ በደሟ ላለ ሴት ጊዜው ያጥራል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሕመም የለም። «አላመመኝም እኮ» የምትሉኝ ለዚህ ነው መልሴ።

ምርመራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለን ነው፤ ኤች አይ ቪ ላለባት ቀደም ይላል። ባለሙያዋ የማኅፀኑን በር ኮምጣጤ በመሰለ ፈሳሽ ትቀባዋለች፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ይነጣል። የደቂቃዎች ሥራ ነው። ነጣ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ታክሞ በዚያው ቀን ወደ ቤት መመለስ ይቻላል። ከዘገየ ግን ጨረር ይመጣል፤ ለረጅም ዓመታት ያ ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር ወረፋውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ለልጆቻችን በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ክትባት አለ፤ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች በዘመቻ ተሰጥቷል። «ያመክናል» የሚባለው ውሸት ነው። ክትባቱ አስቀድሞ የገባውን ቫይረስ ስለማያጠፋ ግን ለእኛ ለእናቶች ያለን ምርመራው ነው።

ከካዛንቺስ ተነሥታችሁ ሌላ ሰፈር የገባችሁ አባሎቻችን፣ ካርዳችን እዚህ ቀረ ብላችሁ አትተዉት፤ በአዲሱ ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ብቻዋን መሄድ የሚከብዳት ከስብሰባው በኋላ ለጸሐፊያችን ትንገራት፤ አብረን እንሄዳለን። እኔም 30 ስለሞላኝ ስሜን አስመዝግቤያለሁ።