ከዲናሞ ወደ አልተርኔተር፦ ነባር የጭነት መኪናዎችን በአግባቡ ማሻሻል

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በምሥረታ በዓል ላይ ስለ ተገኘው ትርፍ፣ ስለ ቀረበው ግብዓትና ስለ ተሸጠው ምርት ብዙ ይነገራል። ምርቱን ከመጋዘን አንሥቶ ገበያ የሚያደርሰው መኪና ግን ስሙ የሚነሣው የቆመ ዕለት ብቻ ነው። በዛሬው ዕለት የሚቀርበው ሐሳብ ትንሽ በሚመስል ጉዳይ ላይ ያተኩራል፤ ይኸውም በነባር የጭነት መኪናዎች ላይ የሚገኘውን ዲናሞ በአልተርኔተር ስለ መተካት ነው። ጉዳዩ ለመካኒክ ብቻ የሚተው አይደለም። ሌሊት መብራት አጥቶ መንገድ ዳር ያደረው መኪና የጫነው የአባላትን እህል ነው። በየጊዜው የሚገዛው ባትሪም ወጪው ከአባላት ኪስ ነው።

ችግሩ ከየት ይመነጫል?

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ አብዛኞቹ መኪናዎች ዲናሞ የተገጠመላቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960 የክራይስለር ኩባንያ ቫሊያንት በተባለችው መኪናው ላይ አልተርኔተር ገጠመ፤ ሌሎች አምራቾችም ቀስ በቀስ ተከተሉት። ላንድሮቨርም እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ሲሪየስ 3 ሞዴል ላይ ዲናሞውን በአልተርኔተር ተክቷል።

የሁለቱ ልዩነት በአሠራራቸው ላይ ነው። ዲናሞ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው በሚሽከረከረው ክፍሉ ላይ በተጠመጠመው ሽቦ ነው። የተመረተው ኃይል ሁሉ በካርቦን በኩል ስለሚወጣ ካርቦኑ ቶሎ ያልቃል። የሚሽከረከረው ክፍል ከባድ በመሆኑም ፍጥነቱ ከልክ ካለፈ ጥምጥሙ ሊበተን ይችላል። አምራቾች ዲናሞው በዝግታ እንዲዞር የሚያደርጉት ለዚህ ነው። በዚህም ምክንያት ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በሚኒሞ ሲሠራ ዲናሞው ባትሪውን የሚሞላ ኃይል አይሰጥም።

በአልተርኔተር ግን የሚሽከረከረው ማግኔቱ ሲሆን ዋናው ጥምጥም ባለበት ይቆማል። በካርቦኑ በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ አነስተኛ ስለሆነ ካርቦኑ ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ክፍሉ በፍጥነት መዞር ስለሚችልም ሞተሩ በሚኒሞ ላይ እያለ እንኳ ኃይል ይሰጣል።

ይህ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በብዙ የእንግሊዝ ሥሪት መኪናዎች ላይ የሚገኘው ሉካስ ሲ 40 ዲናሞ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሰጠው 22 አምፔር ገደማ ነው። ሁለት ባለ 55 ዋት የፊት መብራቶች 110 ዋት፣ የኋላና የክሩስኮት መብራቶች 40 ዋት፣ የዝናብ መጥረጊያው 40 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 190 ዋት ይሆናል። ይህም በ12 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። በአስፋልት ላይ በሙሉ ፍጥነት ለሚጓዝ መኪና ዲናሞው ይበቃል ማለት ነው። የማህበር መኪና ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው አጭር መንገድ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሣል፣ አመሻሽ ላይ መብራት አብርቶ ይጭናል። ሞተሪኖው ከባትሪው የወሰደው ኃይል ሳይተካ ሌላ ይወሰዳል። በአንጻሩ በመጠን ከዲናሞው የማይበልጥ አልተርኔተር ከ36 እስከ 45 አምፔር ሊሰጥ ይችላል።

ከመለወጥ በፊት መለካት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ዕቃ ከመግዛት በፊት ምርመራ ሊቀድም ይገባል። ባለ 12 ቮልት መኪና ለጥቂት ሰዓታት ቆሞ ሲለካ ደህና የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መድረስ አለበት። ከደረሰ ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ያረጀ ባትሪ ወይም የዛገ ገመድ ሊሆን ይችላል። ካልደረሰም የላላ ቺንጋ ወይም ያለቀ ካርቦን መሆኑ መጣራት አለበት። አልተርኔተር የሞተ ባትሪን አያስነሣም፣ የዛገ ገመድንም አያጸዳም።

በሥራው ወቅት መታየት ያለባቸው

1. ቮልቴጅ፦ ትልልቅ የናፍጣ ጭነት መኪናዎች በአብዛኛው 24 ቮልት ናቸው። የሚገዛው አልተርኔተር ከመኪናው ቮልቴጅ ጋር አንድ መሆን አለበት።

2. የባትሪ አቅጣጫ፦ በብዙ የድሮ የእንግሊዝ መኪናዎች ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። በገበያ ላይ ያሉት አልተርኔተሮች በአብዛኛው ኔጌቲቩ ከሻንሲው ጋር እንዲታሰር የተሠሩ ናቸው። ይህ ሳይስተካከል ባትሪው ቢገናኝ ኤሌክትሪኩን የሚያቀኑት ዳዮዶች ወዲያው ይቃጠላሉ። አቅጣጫው ሲለወጥ ሬዲዮና አምፔር መለኪያም አብረው መታየት አለባቸው።

3. ገመድ፦ ለ22 አምፔር የተዘረጋ አሮጌ ገመድ 45 አምፔር ሲጫንበት ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ከአልተርኔተሩ ወደ ባትሪው የሚሄደው አዲስ ገመድ ርቀቱ አጭር ከሆነ ከ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ከረዘመ ደግሞ መወፈር አለበት። ነባሩ አምፔር መለኪያ ለአዲሱ ኃይል ካልተሠራ በቮልት መለኪያ ቢተካ ይመረጣል።

4. የድሮው ሬጉሌተር፦ የዲናሞው መቆጣጠሪያ ሣጥን ለአልተርኔተር አያገለግልም። ዘመናዊ አልተርኔተሮች በአብዛኛው ሬጉሌተራቸውን በውስጣቸው ይዘዋል። ስለዚህ ሣጥኑ ከመስመሩ መውጣት ይኖርበታል።

5. የቻርጅ መብራት፦ በክሩስኮት ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል በብዙ አልተርኔተሮች ላይ ሥራ የምታስጀምረው እርሷ ናት። አምፖሏ ከተቃጠለች አልተርኔተሩ ላይሞላ ይችላል።

6. ቺንጋ፦ ቺንጋው የሚዞርባቸው ጎማዎች ሁሉ በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ከተጣመሙ ቺንጋው ይበጠሳል፣ ኩሽኔታውም ይጎዳል።

ሥራው ሲጀመር ባትሪው መፈታት አለበት። ካለቀ በኋላም ሞተሩ እየሠራ ባትሪ መፍታት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በዲናሞ ዘመን አንዳንድ ሾፌሮች ይህን ለሙከራ ያደርጉት ነበር፤ በአልተርኔተር ላይ ግን ዳዮዶቹንና ሬጉሌተሩን ያቃጥላል። መኪናው ላይ በኤሌክትሪክ ሲበየድም የአልተርኔተሩ ገመዶች አስቀድመው መፈታት አለባቸው።

የማህበሩ ድርሻ

ውሳኔው በግምት ሳይሆን በመዝገብ ላይ ተመሥርቶ ሊሰጥ ይገባል። የሥራ አመራር ኮሚቴው ባለፉት ዓመታት ስንት ባትሪ እንደተገዛ፣ ዲናሞው ስንት ጊዜ እንደተጠገነና መኪናው ስንት ቀን እንደቆመ ቢያሰላ፣ ወጪው ከአልተርኔተሩ ዋጋ ጋር ሊወዳደር ይችላል። የቁጥጥር ኮሚቴውም ከሥራው በፊትና በኋላ የተለካው ቮልት በጽሑፍ መያዙን ቢያረጋግጥ፣ አባላት በገንዘባቸው ምን እንደተገኘ ያውቃሉ። የተፈታው ዲናሞ ከነመቆጣጠሪያው በመጋዘን ቢቀመጥ ይጠቅማል። ዕድሜ የጠገበ መኪና በቀድሞ ይዞታው የሚፈለግበት ጊዜ ሊመጣ ይችላልና።

በመጨረሻም፣ ሾፌሩ «መብራቱ እየደከመ ነው» ብሎ ሲያመለክት ቃሉ ቸል ሊባል አይገባም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። የደከመ መብራት ዛሬ በአንድ ልኬት መንስኤው ይታወቃል፤ ነገ ግን በጨለማ መንገድ ላይ የሰው ሕይወትና የአንድ ዓመት ድካም ሊያስከፍል ይችላል።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁንላችሁ!