የወንጀል ተጠቂዎች ለምን ይጠቃሉ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ወንጀል መናገር የበዓሉን ወግ የሚያጎድል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዛሬ አብረን የተቀመጥን ተማሪዎች ነገ በየከተማው ተበትነን የምንኖር ነንና፣ ከመለያየታችን በፊት ልንነጋገርበት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም አንዳንድ ሰዎች የወንጀል ተጠቂ የሚሆኑት ለምንድር ነው? የሚል ነው።

ጥያቄው ሲነሣ ፈጥኖ የሚመጣው መልስ «ምን አስኬዳት?»፣ «ለምን አመሸ?»፣ «ማን እመን አለው?» የሚል ነው። ይህ ግን ፍርድ እንጂ መልስ አይደለም። አባቶቻችን «የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል» ያሉት ይህን የመሰለውን ጠባይ አይተው ነው። የኢዮብም ወዳጆች ሊያጽናኑት መጥተው፣ መከራ ያገኘህ ብትበድል ነው እያሉ ኀዘኑን አበዙበት።

ሜልቪን ለርነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረባው ጋር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ያሳተመው ጥናት ይህንኑ ጠባይ ያስረዳል። ተማሪዎች አንዲት ሴት በኤሌክትሪክ ስትቀጣ የሚያዩ መስሏቸው እንዲመለከቱ ተደረገ፤ በእርግጥ ግን የነካት ኤሌክትሪክ አልነበረም። ሥቃይዋ እንደሚቀጥልና ሊያስቆሙት እንደማይችሉ ያመኑት ተመልካቾች ሴቲቱን ዝቅ አድርገው ገመቷት። ሰው ዓለም ፍትሕ ያለባት ናት ብሎ ማመን ይወዳልና፣ ንጹሕ ሰው ሲጠቃ ባየ ጊዜ በተጠቂው ላይ ጥፋት ፈልጎ ራሱን ያረጋጋል። «እኔ እንደርሱ ስላላደረግሁ አይደርስብኝም» ይላል።

እንግዲህ እውነተኛው መልስ ምንድር ነው? ጀርመናዊው የሕግ ምሁር ሃንስ ፎን ሄንቲግ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 ስለ ወንጀለኛውና ስለ ተጠቂው መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ሕፃናትን፣ ሴቶችን፣ ሽማግሌዎችን፣ ከሌላ ሀገር የመጡትንና ብቸኞችን ለጥቃት ከሚጋለጡት መካከል ቈጥሯል። በ1979 ደግሞ ሎውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን የተባሉ አሜሪካውያን ነገሩን በሦስት ከፈሉት። ወንጀል የሚፈጸመው ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው፣ የሚመቸው ሰው ወይም ንብረት፣ እንዲሁም የጠባቂ አለመኖር በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ሲገናኙ ነው አሉ። ይህን አስተሳሰብ ወደ ከተማችን ወደ ሐዋሳ አምጥተን እንመልከተው።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው ሠርተውበታል። ብዙዎቹ ቤት የሚከራዩት ዋጋው ርካሽ በሆነበት፣ መብራት በሌለበት መንደር ነው። የማታ ፈረቃ የወጣች አንዲት ልጅ በጨለማ መንገድ ላይ ብትጠቃ፣ የመሸችው በሥራዋ ምክንያት ነው፤ በዚያ መንገድ የሄደችውም ኪራዩ የሚበቃት በዚያ ስለ ሆነ ነው። ዘመድ በቅርብ የላትም። ሦስቱ ነገሮች በእርሷ ላይ የተገናኙት በጠባይዋ ጉድለት አይደለም።

በስልክ የሚደረገውም ማታለል እንዲሁ ነው። አታላዩ «ሽልማት ደርሶዎታል» ወይም «በስሕተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁ» ብሎ ምስጢር ቍጥር ይጠይቃል። የሚታለሉት ሁሉ ሞኞች አይደሉም። ብዙ እናቶቻችን ከታላላቅ መሥሪያ ቤት ለተደወለ ድምፅ በአክብሮት መመለስን የለመዱ ናቸው፤ አታላዩ የሚሰርቀው በዚሁ መልካም ልማድ በኩል ገብቶ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀርበው ጠለፋ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በመሣሪያ ገደለችውና በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳይዋን ያዘላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በ2006 ዓ.ም. ለሕዝብ የታየው «ድፍረት» የተባለው ፊልም መነሻው ይህ ታሪክ ነው። ይህች ልጅ ያደረገችው ነገር ቢኖር ትምህርት ቤት መሄድ ብቻ ነበር።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባ ከክስ እንዲድን በር ይከፍት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን ይህን በር ዘግቶ፣ በአንቀጽ 587 ለማግባት ብሎ የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ አዘዘ። ሆኖም ሕጉ በተለወጠ በብዙ ዓመቱ፣ በግንቦት 2015 ዓ.ም. በዚሁ በከተማችን አንዲት የባንክ ሠራተኛ ወጣት ተጠልፋ ከቀናት በኋላ መገኘቷ በሀገሩ ሁሉ ተሰማ። የተማረችም፣ ሥራ የያዘችም፣ በከተማ የምትኖርም ከጥቃት የማታመልጥበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ ተረዳን።

ክቡራን ወላጆች፤ መጠንቀቅ አይገባም ማለታችን አይደለም። በርን መቈለፍ፣ ማታ ብቻ አለመሄድ፣ ምስጢር ቍጥርን አለመናገር ደግ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ ከጥቃት በፊት ሲነገር ምክር ነው፤ ከጥቃት በኋላ ሲነገር ወቀሳ ይሆናል። የተወቀሰ ሰው ዝም ይላል፤ ተጠቂው ዝም ሲል አጥቂው ወደ እርሱ ወይም ወደ ሌላ ሰው ይመለሳል።

በእንግሊዝ ሀገር በሮችዴል ከተማ ባለው በከርክሆልት ሰፈር የሆነው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት አጥኚዎች የተዘረፉትን ጠይቀው፣ አንድ ጊዜ የተዘረፈ ቤት እንደገና እንደሚዘረፍ ተረዱ። ብዙዎቹ ቤቶች ሳንቲም የሚከማችባቸው የመብራትና የጋዝ ቈጣሪዎች ነበሯቸው። በዘረፋው የተጎዱትን ቤቶች ቈጣሪዎች አስነሡ፣ በሮችና መስኮቶች አጠነከሩ፣ የዙሪያውም ጎረቤት የተዘረፈውን ቤት እንዲጠብቅ አደረጉ። በመጀመሪያው ዓመት ዘረፋው ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የሰፈሩ ሰዎች ጠባይ ሳይለወጥ፣ ተጠቂው ስለ ተሰማ፣ ቤቱ ስለ ተጠነከረና ጎረቤት ስለ ቆመ ወንጀሉ ቀነሰ። እኛም በሀገራችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን።

ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ ሦስት ነገር እንድናደርግ እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ የተጠቃ ጓደኛ ወደ እኛ ሲመጣ የመጀመሪያው ቃላችን «ለምን?» ሳይሆን «አይዞሽ»፣ «አይዞህ» ይሁን። ሁለተኛ፣ ሲመሽ ወደ አንድ ሰፈር የምንሄድ በአንድ ላይ እንሂድ፤ ወንዶች ልጆችም መንገድ ላይ የሚለክፈውን ጓደኛቸውን ይገሥጹት፤ ከልከፋ የተጀመረ ነገር ወደ ከፋው ይደርሳልና። ሦስተኛ፣ የደረሰውን ነገር ለወላጅ፣ ለመምህርና ለፖሊስ ለመንገር አንፈር። መምህሮቻችንና ወላጆቻችንም የሚነግሯችሁን ልጅ ሳትቈጡ ስሙልን።

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ የወደቀውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ መንገድ አስፈሪ እንደ ነበረ ሳምራዊው ሳያውቅ አልቀረም፤ ነገር ግን «ብቻህን ለምን መጣህ?» ብሎ አልጠየቀውም። ቍስሉን አሰረለት፣ በራሱ አህያ ላይ አስቀመጠው፣ ለማደሪያውም ከፈለለት። ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣ ሁሉ እንደዚህ ያለ ጎረቤት ለመሆን እግዚአብሔር ይርዳን።