ስም በዐርማ ሳይሆን በቃል ይጸናል
የቆቦንና የራያ ቆላን ተሞክሮ መነሻ በማድረግ፣ የዕርዳታ ድርጅቶች ከሕዝብ፣ ከመንግሥትና ከለጋሾች ጋር ስለሚኖራቸው ግንኙነት የቀረበ ንግግር



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የዕርዳታ ድርጅትን ስም ግን የሚያወጣው መልአክ አይደለም፤ በዋናው መሥሪያ ቤት የተቀረጸው ማኅተምና ዐርማም አይደለም። እውነተኛውን ስም የሚያወጣለት፣ በተባለው ቀን እህል ሊቀበል ከሌሊቱ ተነሥቶ በእግሩ የመጣው ገበሬ ነው። ድርጅቱ ቃሉን ጠብቆ ከሆነ በመልካም ይጠራዋል። «ነገ ኑ» እያለ አመላልሶት ከሆነ ግን የሚሰጠው ስም በሰሌዳ ላይ የሚጻፍ አይሆንም።

የዚህ ንግግር ዓላማ፣ ለትርፍ ያልቆሙ የዕርዳታና የልማት ድርጅቶች ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያስታውቁበትንና ከመንግሥት ጋር የሚነጋገሩበትን መንገድ መመርመር ነው። ጉዳዩ በብዙ ቦታ እንደ ማስታወቂያ ሥራ ብቻ ይታያል። ድርቅ በሚፈራረቅበት አገር ግን የሰው ሕይወት የሚድንበትና የሚጠፋበት ጉዳይ ነው። ይህንንም የቆቦና የአካባቢው ታሪክ በሚገባ ያስረዳል።

ዝምታ ያስከተለው ጥፋት

ቆቦ በሰሜን ወሎ፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ያቅፏታል። በመካከል የተዘረጋው ሜዳ አፈሩ ለም ነው፤ ማሽላና ጤፍም ያበቅላል። ዳሩ ግን ዝናቡ አይታመንም። ገበሬው ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው እየመራ አዝመራውን ለማትረፍ ይጥራል። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ የክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ሲወጣ ግን ይህ ጥረት ብቻውን አይበቃም።

በ1965 ዓ.ም. ረኀብ በወሎ በጸና ጊዜ የዘመኑ መንግሥት ወሬው እንዲሰማ አልፈለገም። የተራቡ ገበሬዎች በአውራ ጎዳናው ዳር ቆመው ከመንገደኛው ምግብ ሲለምኑ፣ በአደባባይ የሚነገር ነገር አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ይዘዋቸው የተመለሱት ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ የታዩት በዚያው ዓመት ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረኀብ» የተሰኘው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነገሩ በዓለም ታወቀ፤ ገንዘብም ተዋጣ።

የዚህ ፊልም ታሪክ በዚህ አላበቃም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የቤተ መንግሥቱን ድሎት ከሚያሳዩ ትዕይንቶች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ለተራበ ወገን ገንዘብ ለማሰባሰብ የተነሣው ምስል ለሥልጣን ለውጥ ማዘጋጃ ሆነ ማለት ነው። የተራበ ሰው ምስል አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ በማን እጅ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ያነሣው ሰው አያዝበትም።

ከዚያ ረኀብ ሁለት ተቋማት ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1973 አብያተ ክርስቲያናትና በጎ አድራጊ ድርጅቶች ሥራቸውን ለማቀናጀት የክርስቲያን ዕርዳታና ልማት ማኅበርን መሠረቱ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። አንዱ የድርጅቶች፣ ሌላው የመንግሥት አፍ ሆኑ። የሚቀጥለው ፈተና እነዚህ አፎች ሲናገሩ የሚያምናቸው ይኖራል ወይ የሚል ነበር።

ያልታመነው ማስጠንቀቂያ

በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ለጋሽ መንግሥታትንና ድርጅቶችን በአዲስ አበባ ሰብስቦ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው አስታወቀ። የተገኘው ምላሽ ከተጠየቀው በእጅጉ ያነሰ ነበር። በለጋሾች በኩል ቁጥሩ ተጋኗል የሚል ጥርጣሬ ነበረ። በመንግሥት በኩልም የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ዝግጅት ረኀቡን ጋርዶት ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. በዓሉ በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ ከቆቦ በስተሰሜን ከአላማጣ በላይ ባለችው በቆረም የተራበው ሕዝብ በሜዳ ላይ ተኝቶ ነበር።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የመሐመድ አሚን ምስልና የማይክል በርክ ዘገባ በቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ቀረበ። ዓለም ተናወጠ። አውሮፕላንና መርከብ ተንቀሳቀሰ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ለኢትዮጵያ ረኀብተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ።

ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰባት ወር ነው። በሰባት ወር የተላከው ደብዳቤና የቀረበው ሠንጠረዥ ያልፈጸመውን የጥቂት ደቂቃ ፊልም ፈጸመው። ብዙዎች ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት «ምስል ከቁጥር ይበልጣል» የሚል ነው። ነገሩ በጥልቀት ሲታይ ግን ቁጥሩ ከንቱ የሆነው ተናጋሪው አስቀድሞ ስላልታመነ ነው። እምነት በችግር ቀን የሚበደር ገንዘብ አይደለም፤ በደኅናው ዘመን ወር በወር የሚጠራቀም ነው። ቁጥሩን እንዴት እንደቆጠረ በየጊዜው የሚያስረዳ፣ ሲሳሳትም የሚያርም መሥሪያ ቤት በክፉ ቀን ሲጮኽ ይሰማል። በዚያ ዘመን ይህ መተማመን ባለመኖሩ፣ በሰባቱ ወር የሞተው ሰው የመተማመን ጉድለት የገደለው ጭምር ነው።

ሠፈራና የተሰበረው እምነት

ዕርዳታው ከደረሰ በኋላ ሌላ ፈተና መጣ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ተዛወረ፤ ከግማሽ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነበር። በይፋ የተነገረው ሁሉም በፈቃዱ እንደሄደ ነው። በእርግጥም ተስፋ ቆርጦ በፈቃዱ የሄደ ነበር። በኮታ ተመልምሎ፣ ከገበያ ተይዞ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ተለይቶ የሄደም ነበር። ለስንዴ ተሰብስቦ ለሠፈራ እንዳይወሰድ በመፍራት ከዕርዳታ ጣቢያ የራቀ ሰው እንደነበረ በዘመኑ ተዘግቧል። «በፈቃደኝነት» የሚለው ቃል እውነቱን ሳይሸከም ሲነገር የስንዴውን መንገድ ዘጋው።

የዕርዳታ ድርጅቶችም በዚህ ጉዳይ ተከፋፈሉ። አንዳንዱ ሥራው እንዳይቋረጥ ዝም አለ። በቆረም ይሠራ የነበረው የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ሠፈራውን በይፋ ነቀፈ፤ በ1978 ዓ.ም.ም ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ተናግሮ መባረርም ሆነ ዝም ብሎ መሥራት ዋጋ ነበራቸው፤ ዋጋውን የከፈለው በሁለቱም በኩል በሽተኛውና ረኀብተኛው ነው። አንድ ድርጅት እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደሚናገርና ለማን እንደሚናገር የሚወስነው ጭንቁ ሲመጣ ሳይሆን አስቀድሞ መሆን እንዳለበት ይህ ታሪክ ያስተምራል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው በየክልሉ ውስጥ የሚካሄድ ሠፈራ ፈቃደኝነትን፣ በቂ መሬት መኖሩን፣ ከተቀባዩ ሕዝብ ጋር መመካከርንና የቅድሚያ ዝግጅትን በመርሕነት ማስቀመጡ ከዚያ መራራ ተሞክሮ የተነሣ ነው። ሆኖም መርሕ በወረቀት መስፈሩ ብቻ አይበቃም። ሠፋሪው ከመነሣቱ በፊት በሚሄድበት ቆላ ወባ መኖሩን፣ የውኃውን ርቀት፣ መመለስ ቢፈልግ መሬቱ ምን እንደሚሆን በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ጥሩ ጥሩውን ብቻ የሰማ ሠፋሪ በመጀመሪያው ክረምት ይመለሳል፤ ተመልሶም ለመንደሩ የሚያወራውን ወሬ ማንኛውም የሬድዮ መግለጫ አያስተባብለውም።

በሥራ ላይ ሊውሉ የሚገባቸው ነጥቦች

አንደኛ፣ ቀዳሚው አድማጭ ተረጂው ነው። በዕርዳታ ማደያ ጣቢያ ከለጋሹ ዐርማ ይልቅ ጎልቶ መታየት ያለበት የድርሻው ልክ ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው የአንድ ሰው የወር ድርሻ 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ተኩል ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ነው። ይህ በትልቁ ተጽፎ ቢሰቀልና ማንበብ ለማይችለው በቃል ቢነገር፣ አምስት ቤተሰብ ያላት እናት 75 ኪሎ እህል እንደሚገባት አውቃ ትጠይቃለች። 60 ኪሎ ብትቀበል ለማን አቤት እንደምትል፣ ድርሻው የተቀነሰም ከሆነ ምክንያቱ ምን እንደሆነ በዚያው ሰሌዳ ላይ መገኘት አለበት። ከማንኛውም ዐርማ የበለጠ የድርጅቱን ስም የሚያስከብረው ይህ ሰሌዳ ነው።

ሁለተኛ፣ መልእክቱ ሕዝቡ በሚሰበሰብበትና በሚያምነው መንገድ ይለፍ። በወሎ ቅሬ ለቀብር ብቻ የቆመ ማኅበር አይደለም፤ የመንደሩ ሸንጎ ነው። የቅሬ አባቶች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አባቶች፣ የገበያው ቀንም ከከተማ ከሚመጣ በራሪ ወረቀት የበለጠ ይደመጣሉ። ይሁን እንጂ መልእክቱን በእነርሱ በኩል ማሳለፍ ጥያቄውንም በእነርሱ በኩል መቀበል ማለት ነው። ጆሮ የሌለው አፍ ብዙ አይሰማም።

ሦስተኛ፣ የተጎጂው ምስል በክብር ይያዝ። የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ንቅናቄና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ በ10ኛ አንቀጹ፣ በማስታወቂያ ሥራ ተጎጂዎች ክብር ያላቸው ሰዎች ሆነው እንዲታዩ እንጂ ተስፋ ቢስ ሆነው እንዳይቀርቡ ያዛል። ከቆረም ምስሎች በኋላ ወሎ በብዙ የውጭ አገር ሰዎች ዘንድ የረኀብ ሌላ ስም ሆኖ ቀርቷል። ጎርፍ ጠልፎ ማሽላ የሚያመርተው፣ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ ገበያ የሚያወጣው የቆቦ ገበሬ በዚያ ምስል ውስጥ የለም። ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ለምን እንደሚነሣና የት እንደሚታይ ይነገረው፤ እንቢ ቢል ድርሻው አይነካ።

አራተኛ፣ ከመንግሥት ጋር ያለው ግንኙነት በደረጃውና በሰዓቱ ይሁን። ወረዳው ያላወቀውን ቁጥር ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ቢሰማው ነገሩ እውነት ቢሆንም ይከፋል፤ ሲከፋም በር ይዘጋል። ስለዚህ ድርጅቱ የጥናቱን ውጤት ከማውጣቱ በፊት ለወረዳውና በወልድያ ላለው ለዞኑ አካል ያሳይ፤ የሁለቱ ቁጥር ቢለያይ እያንዳንዱ እንዴት እንደቆጠረ በስብሰባ ላይ ያስረዳ። ካልተስማሙ ልዩነቱ ከነምክንያቱ ይጻፍ እንጂ፣ አንዱን ለማስደሰት ቁጥር አይሸራረፍ። በመንግሥት ሹማምንት በኩልም ደስ የማያሰኝ ቁጥር ያመጣን ድርጅት እንደ ባላንጣ አለመቁጠር ይገባል። የ1965 ዓ.ም. ዝምታ ባለሥልጣኖቹንም አላዳነም።

አምስተኛ፣ ሕጉ ይታወቅ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 የድርጅቶችን ሥራ በብዙ መልኩ አጥብቦ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ሽሮ ሰፊ በር ከፈተ፤ የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ድርጅቱ ለጽሕፈት ቤትና ለማስታወቂያ ምን ያህል፣ ለእህልና ለውኃ ምን ያህል እንዳወጣ ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ቢናገር፣ «ገንዘቡ በመኪናና በአበል አለቀ» ለሚለው ሐሜት መልስ ያገኛል። መልስ ከሌለው ግን ሐሜቱ እውነት ሊሆን እንደሚችል ራሱን ይመርምር።

ስድስተኛ፣ በግጭት ዘመን ምልክትና ቃል እጥፍ ጥንቃቄ ይሻሉ። ቆቦ በ2013 ዓ.ም. ክረምትና እንደገና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የጦርነት ሥፍራ ሆናለች፤ ሕዝቧም ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ተሰድዷል። ቆረምና አላማጣ በቀድሞው ዘመን በወሎ ክፍለ ሀገር ይቆጠሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የማን መሆናቸው ያከራክራል። እንዲህ ባለ ቦታ በአንድ ሪፖርት ላይ የተጻፈ የቦታ ስም፣ በአንድ መኪና ላይ የተለጠፈ ዐርማ ሾፌሩን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ድርጅቱ በሁሉም ወገን ፊት አንድ ዓይነት ስያሜ ይጠቀም፤ ዐርማው የት ይታይ የት ይሸፈን የሚለውንም የሜዳ ሠራተኞቹን ጠይቆ ይወስን።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይመጣሉ። አንድ የዕርዳታ ድርጅት ሦስት አድማጮች አሉት፤ ገበሬው፣ መንግሥትና ለጋሹ። ለገበሬው «ይበቃል»፣ ለመንግሥት «ሁሉም ደኅና ነው»፣ ለለጋሹ ደግሞ «ሕዝቡ እያለቀ ነው» የሚል ድርጅት ሦስቱም አንድ ቀን በአንድ ሥፍራ ሲገናኙ ስሙን ያጣል። ለሦስቱም አንዱን ቃል የሚናገር ግን በመጀመሪያ ቅር ቢያሰኝም በክፉ ቀን ይታመናል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንዲሉ።

በራያ ቆላ ዝናቡ እንደገና የሚዘገይበት ዓመት መምጣቱ አይቀርም። በዚያ ዓመት የወረዳው ባለሙያና የድርጅቱ የሜዳ ሠራተኛ አንድ ላይ ቆጥረው «ይህን ያህል ሰው ይራባል» ሲሉ የሚሰሙ ከሆነ፣ ስንዴው ከካሜራው ቀድሞ ይደርሳል። ያን ለማድረግ የሚሠራው ሥራ የሚጀመረው ዝናብ ባለበት በዚህ ዓመት ነው።