እምቢ ያለው ቱቦ
(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ሥራህ ትንሽ ንገረን» ሲለኝ መጀመሪያ ስለ ትላልቆቹ ማሽኖች ላወራ አስቤ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ ይቺ በእጄ የያዝኳት ናት። ከኋላ ላላችሁት አትታይም፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። እኔው ራሴ የሠራኋት ማገናኛ ናት።

እንደተመረቅኩ የተቀጠርኩት በአንድ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ክፍል ነበር። አንድ ቀን የሕፃናት ክፍል ነርሶች አንድ ካርቶን የምግብ ቱቦ ይዘው መጡ፤ በአፍንጫ ገብቶ ጨጓራ የሚደርሰውን ማለቴ ነው። በእርዳታ የመጣ አዲስ ዕቃ ነው። ግን በክፍሉ ያለው ሲሪንጅ አልገጥምለት አለ፤ የራሱ ሲሪንጅ ደግሞ አብሮ አልተላከም። «ኢንጂነር፣ እባክህ አንድ መላ በለን» አሉኝ።

መላ አልኩ። ልኬቱን ወስጄ ቶርኖ ቤት ሄድኩና በአንድ በኩል ቱቦውን፣ በሌላ በኩል ተራውን ሲሪንጅ የሚቀበል ማገናኛ አስቀረጽኩ። ገጠመ! ነርሶቹ መረቁኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሌሊት ላይ፣ አንዲት ነርስ ወተት የሞላችበትን ሲሪንጅ ይዛ ወደ አንድ ሕፃን ቀረበች። ሕፃኑ በአፍንጫው የምግብ ቱቦ፣ በእጁ ግሉኮስ አለው። መብራቱ ደብዛዛ ነው፤ ተረኛዋም እሷ ብቻ ነበረች። ሲሪንጁን የግሉኮሱ መስመር ላይ ሰካችው፤ ልክክ አለ። ልትገፋው ስትል እናትየው፣ «ሲስተር፣ ወተት በእጅም ይሰጣል እንዴ?» አለቻት።

ልጁን ያተረፈው ይህ ጥያቄ ነው። ወተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቅባቱ የሳንባን ቀጫጭን ደም ሥሮች ሊደፍን፣ ጀርሙም ደሙን ሊመርዝ ይችላል።

በማግሥቱ ስብሰባ ተጠራ፤ ነርሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣት ተባለ። አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማታ ቤቴ ገብቼ በመጀመሪያው ቀን ልጠይቅ ይገባኝ የነበረውን ጠየቅኩ። ቱቦው ለምን አልገጥምም አለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ሉየር የሚባል አገጣጠም አለ። ሾጣጣ ነው፤ በየ100 ሚሊሜትሩ 6 ሚሊሜትር እየቀጠነ ይሄዳል። ገፋ ሲያደርጉት ይጠብቃል፣ አያፈስም። ጥሩ ስለሆነም ለደም ሥር መስመር፣ ለምግብ ቱቦ፣ ለአከርካሪ ማደንዘዣ፣ ለደም ግፊት መለኪያ የአየር ቱቦ ሳይቀር ጥቅም ላይ ዋለ። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው፤ ሁሉም ከሁሉም ይገጥማል።

በዚህ የተነሣ በተለያዩ አገሮች ሰዎች ሞተዋል። «ነርሶች ይጠንቀቁ» ማለት ብቻ አላዋጣም። ቀለም መለየትም ብቻውን አይበቃም፤ ሌሊት ቀለም አይታይም፣ አምራቾችም አንድ ዓይነት ቀለም አይጠቀሙም። ስለዚህ አይኤስኦ 80369 የተባለው ተከታታይ ደረጃ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጡት ክፍሎቹ ሉየር ለደም ሥርና ለመርፌ ተወሰነ፤ ለምግብ ቱቦ ኤንፊት የሚባለው፣ ለአከርካሪም ሌላ ቅርጽ ተመደበ። በኤንፊት ወንዴው ቱቦው ላይ፣ ሴቴው ሲሪንጁ ላይ ነው፤ ከሉየሩ ሲሪንጅ የተገላበጠ ማለት ነው። ማገናኛው የሚሠራበት ፕላስቲክም ጠንከር ያለ መሆን አለበት፤ ለስላሳ ከሆነ ተለጥጦ በጉልበት ይገባላ!

እንግዲህ ያ ቱቦ እምቢ ያለው እምቢ እንዲል ተደርጎ ስለተሠራ ነበር። ስንት መሐንዲሶች ለዓመታት የደከሙበትን መከላከያ እኔ በአንድ ከሰዓት በቶርኖ አፈረስኩት። ወተቱን ደም ሥር በሚገጥም ሲሪንጅ እንዲሰጥ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

በነጋታው ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ማስጠንቀቂያው ቀረ። ማገናኛዎቹን ሰብስቤ በመዶሻ ሰባበርኩ፤ ይቺን አንዷን ብቻ አስቀረሁ። ተስማሚው ሲሪንጅም ተፈልጎ ተገዛ። ነርሷን ይቅርታ ስጠይቃት፣ «አንተማ ልትረዳን ነው» አለችኝ። ይህም ሌላ ቅጣት ሆነብኝ።

ከዚህ መድረክ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የሕክምና ዕቃ ስትልኩ ቱቦውን ከነሲሪንጁና ከነማገናኛው፣ ሙሉውን ላኩ። ግማሹ ብቻ ሲመጣ እንደ እኔ ያለ መላ አዋቂ ይፈጥራል።

መምህራኖቻችን፣ በዲዛይን ክፍል «ይህ ዕቃ ከምን ጋር ይገጥማል?» ብላችሁ ታስተምሩን ነበር። አሁን ላሉት ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ጨምሩላቸው፤ «ከምን ጋር ፈጽሞ መግጠም የለበትም?» በሉልኝ። ከተቻለም አንድ ሌሊት ከተረኛ ነርስ ጋር አሳድሯቸው። ዲዛይን የሚፈተነው እዚያ ነው።

ይቺን ማገናኛ ለዲፓርትመንቱ ላብራቶሪ ሰጥቻለሁ። ተማሪዎች ሲጠይቁ ታሪኳን ንገሯቸው።