ስለ እንግሊዝኛ የእንስሳት ስሞች ብዙ ቁጥር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። አንድ ጓደኛችን በክፍል ውስጥ ተነሥቶ ስለ እረኞች ኑሮ በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ በጎቹን «ሺፕስ» ቢላቸው ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። ከዚያን ቀን ወዲህ እጁን ሲያወጣ አላየነውም። ስሕተቱ ስሕተት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የሳቅነው እኛ፥ «ሺፕ» በነጠላም በብዙም አንድ የሆነበትን ምክንያት ብንጠየቅ መልስ አልነበረንም። የምናውቀው «ኤክሴፕሽን ነው» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ስለዚህ መጻሕፍት ገልጠን ነገሩን ተመለከትን። ያገኘነውም፥ ኤክሴፕሽን የምንለው አብዛኛው ነገር ያረጀ ሥርዓት ቅሬታ እንጂ ሥርዓት የሌለው ነገር አለመሆኑን ነው።

ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ይነገር የነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ስሞችን በሦስት ጾታ ይከፍል ነበር፤ ይኸውም ተባዕት፥ አንስት፥ ከሁለቱም ያልሆነ። እያንዳንዱም ክፍል የየራሱ የብዙ ቁጥር ምልክት ነበረው። ዛሬ በሁሉ ላይ የሠለጠነው «ኤስ» ያን ጊዜ የአንዳንድ ተባዕት ስሞች ምልክት ብቻ ነበር። ከሦስተኛው ጾታ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ስሞች በብዙ ቁጥር ምንም አይጨመርባቸውም ነበር። ሺፕ፥ ዲርና ስዋይን ከነዚህ ወገን ናቸው። «ሆርስ» እንኳ ከነሱ ጋራ ነበረ፤ በኋላ ግን ከዘመዶቹ ተለይቶ «ኤስ»ን ያዘ። «ዲር» ጥንት አጋዘን ብቻ ሳይሆን ማናቸውንም አውሬ ያመለክት ነበር፤ ዘመዱ የሆነው የጀርመንኛው «ቲር» እስከ ዛሬ ድረስ እንስሳ ማለት ነው።

የ«ማውስ»ና የ«ማይስ» ነገር ከዚህም የራቀ ነው። እንግሊዝኛ ገና በጽሕፈት ሳይውል በፊት የአይጥ ስም «ሙስ» ሲሆን፥ በብዙ ቁጥር መጨረሻው ላይ «ኢ» የሚል ድምፅ ነበረበት። ምላስ ወደሚመጣው «ኢ» አስቀድማ ስታዘነብል በመካከል ያለው «ኡ» ወደ ፊት ተሳበ። ከዚያ መጨረሻው ወደቀ፤ የተለወጠው አናባቢ ግን ብቻውን ምልክት ሆኖ ቀረ። ጉስ–ጊስ፥ ላውስ–ላይስ የሚባሉትም በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው።

ላሚቱም ከዚሁ ቤት ነበረች። የ«ካው» ብዙ ቁጥር በመጀመሪያ አናባቢው ብቻ የተለወጠ ነበር። ሰዎች ይህ አልበቃ ብሏቸው በላዩ «ን» ጨመሩበትና «ካይን» አሉ። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ፈርዖን በሕልሙ ያያቸው ሰባት ላሞች የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። በዚህ የሚደነቅ ካለ «እንስሳቶች» እና «አዕዋፋት» የሚለውን የራሳችንን አነጋገር ያስታውስ፤ ብዙውን እንደገና ማብዛት የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። «ን» በብዙ ስሞች ላይ ይገኝ የነበረ ምልክት ሲሆን፥ ከእንስሳት መካከል ዛሬ ይዞት የቀረው በሬው፥ ማለት «ኦክስን» ነው።

እንግሊዞች ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ተቸግረው ያውቃሉ። የመጀመሪያው እንግሊዛዊ አታሚ ዊልያም ካክስተን በ1490 እንደ ጻፈው፥ ነጋዴዎች በቴምዝ ወንዝ ተጉዘው ነፋስ ቢያጡ ወደ የብስ ወረዱ። አንዱ ከአንዲት ሴት ቤት ገብቶ «ኤግስ» ስጪኝ አላት። እሷም ፈረንሳይኛ አላውቅም አለችው። እሱም ፈረንሳይኛ የማያውቅ ነበርና ተቈጣ። በመጨረሻ ሌላው «ኤይረን» ቢላት ዕንቍላል መሆኑ ገባት። ሁለቱም የአንድ አገር ሰዎች ነበሩ!

ዉልፍ «ዉልቭዝ» የሚሆነው በሁለት ነዛሪ ድምፆች መካከል የገባ «ፍ» ወደ «ቭ» ይለሰልስ ስለ ነበረ ነው፤ በዚህ አንቈይም። «ፊሽ» ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥንት ምልክት የነበረው ሲሆን በኋላ ጣለው። አዳኞችም ሦስት አንበሳ ሲሉ «ኤስ»ን መተው ይወዳሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ገበያ ወጥተን «አምስት በግ ገዛን» እንላለን እንጂ «በጎች» ማለት ግድ አይሆንብንም።

ከውጭ የመጡ ቃላት የዚያ የድሮው ለውጥ ተካፋዮች አይደሉም። «ሙስ» የተባለው ታላቅ አጋዘን ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ በ17ኛው መቶ ዓመት የገባ ስለ ሆነ «ሚስ» አይባልም። «መንጉስ»ም ከሕንድ የመጣ ስለ ሆነ ከዝይዋ ጋራ ዝምድና የለውም፤ «መንጉስዝ» ይባላል። «ኦክቶፐስ»ን «ኦክቶፓይ» የሚሉ ላቲን መስሏቸው ነው፤ ቃሉ ግን የግሪክ ነው።

አንበሳን አናብስት፥ በግዕን አባግዕ፥ ዖፍን አዕዋፍ፥ አርዌን አራዊት የሚለውን ግእዝ የተማርን ሰዎች የውስጥ ለውጥ ሊያስደነግጠን አይገባም ነበር። እርግጥ ነው፥ ሁለቱ አይዛመዱም፤ የግእዙ ሰፊ ሥርዓት ሲሆን የእንግሊዝኛው ግን ከወደቀ ድምፅ የተረፈ ነው። ቢሆንም ጆሯችን ከማንም ይልቅ የተዘጋጀ ነው።

በ1958 ጂን በርኮ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ለሕፃናት ወፍ የሚመስል የፈጠራ እንስሳ ሥዕል አሳይታ ስሙ «ዋግ» ነው አለቻቸው። ሁለት ሲሆኑ ምን ይባላሉ ብላ ብትጠይቅ አብዛኞቹ «ዋግዝ» አሉ። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም፤ ስለዚህ ከሕግ አውጥተው እንጂ በቃላቸው አጥንተው አልመለሱም። እነዚሁ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች «ማውስዝ» እና «ሺፕስ» ሲሉም ይሰማሉ። ጓደኛችንም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሕጉን ስለ ያዘ ተሳሳተ።

መምህሮቻችንን የምንለምነው፥ እነዚህን ስሞች በአንድ ረጅም ዝርዝር ከመስጠት ይልቅ ማይስን ከጊስ፥ ሺፕን ከዲር ጋራ በየቤተ ዘመዳቸው እንዲያስተምሩን ነው። በእኛ በኩል ደግሞ፥ ያ ጓደኛችን ስለ እረኞች ጀምሮ የተወውን ንግግር በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲፈጽምልን ለምነነው እሺ ብሎናል።