የደጋው ሣጥንና ገዢው
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። የዛሬ መንገደኛ በመኪና ሽው ብሎ ቢያልፋትም፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ስሟ የታወቀው በገበያዋ ነበር። ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦርና ከጎጃም የሚነሣው ነጋዴ እዚያ ይገናኝ ነበር፤ አሞሌው፣ ጥጡ፣ ማሩና ከብቱ እዚያ ይለዋወጥ ነበር። አሮጌ የእንጨት ሣጥን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከዚህ ገበያ ቢጀምር ብዙ ስሕተት ይቀርለታል።

በይፋግ ገበያ ዕቃው የሚጓጓዘው በምን ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ በስልቻና በአቅማዳ ነው። ቆዳ ለበቅሎና ለአህያ ጀርባ ይመቻል፤ ባዶውን ሲሆን ይጠቀለላል፤ ከገደል ቢወድቅም አይሰበርም። ሣጥን ይህ ሁሉ የለውም። በቤትም ውስጥ ቢሆን እህሉ በጎታና በጎተራ፣ እንጀራው በመሶብ፣ ስንቁ በአገልግል፣ ዳዊቱ በማኅደር ነበር የሚቀመጠው። እያንዳንዱ ዕቃ በቆዳ፣ በሸክላ ወይም በስፌት የተሠራ የራሱ ማኖሪያ ስለነበረው፣ የእንጨት ሣጥን ባብዛኛው በቤተ መንግሥት፣ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤትና በባለጸጋ እልፍኝ ብቻ የሚገኝ ሆኖ ቆየ። በደቡብ ጎንደር ደጋ ያረጀ ሣጥን ጥቂት የሆነው አናጢ ጠፍቶ ሳይሆን ፈላጊው ጥቂት ስለነበረ ነው።

ያም ሣጥን ቢሆን ባብዛኛው ከላይ በክዳን የሚከፈት ነው። መሳቢያ የኋላ እንግዳ ነው። በአውሮጳ እንኳ ባለመሳቢያው ሣጥን የተስፋፋው በ17ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ መነሻውም በባለክዳኑ ሣጥን ግርጌ አንድ መሳቢያ መጨመር ነበር። እንግሊዞች ይህን መካከለኛ ዕቃ ከሁለት ወገን የተወለደ ነውና «የበቅሎ ሣጥን» ይሉታል፤ ለደጋው ሰው ትርጉሙ የማይጠፋ ስም ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በንግድ የሚመጣው፣ በናስ ምስማርና በናስ ዝርግ ያጌጠው ሣጥንም ከታች ሁለት ወይም ሦስት መሳቢያ የሚኖረው ጊዜ አለ። በአዲስ አበባ ቤቶች የሚታየው ባለመሳቢያ ግን ባብዛኛው ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ከተማዋ ከደረሰ ወዲህ የተስፋፋ ነው፤ ኮሞዲኖ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።

ስለዚህ ሻጭ «የዐፄ ፋሲል ዘመን ባለመሳቢያ» ብሎ ባቀረበ ጊዜ፣ ገዢው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ዋጋውን ሳይሆን መሳቢያውን ነው። መሳቢያው ተስቦ ይውጣና ይገልበጥ። በእጅ የተሠራ ከሆነ ከሥሩ የመጥረቢያ ወይም የመላጊያ ፈለግ ይገኛል፤ የማእዘኑ ጥርሶችም እርስ በርሳቸው ልክ ለልክ አይሆኑም። ምስማሩ ባለአራት ማእዘን የቀጥቃጭ ሥራ ነው ወይስ ከሽቦ የተቆረጠ ክብ? ክቡ ምስማር የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ጫፉ የሾለ ቪቴም የፋብሪካ ልጅ ነው። እርግጥ ነው፣ አሮጌ ሣጥን አዲስ ምስማር ሊመታበት ይችላል፤ ነገር ግን አሮጌው ምስማር የነበረበት ቀዳዳ አጠገቡ መታየት አለበት።

ከሁሉ የሚታመነው ምስክር እንጨቱ ነው። የአገሩ አናጢ የሚመርጠው ዋንዛን፣ ጽድን፣ ዝግባን፣ ወይራን ነበር። ዋንዛ ለመሮ የሚገራ፣ ሲያረጅ ቡናማነቱ የሚጠልቅ ነው። ጽድ መዓዛው ለብዙ ዘመን አይለቀውም፤ መሳቢያው ሲሳብ አፍንጫ ያውቀዋል። ባሕር ዛፍ ግን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። ጀርባው ወይም ግርጌው ከመነሻው በባሕር ዛፍ ጣውላ የተሠራ ሣጥን ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም፤ ኮምፔንሳቶ ከተገኘበትማ ክርክሩ አለቀ።

ጥቁረትም ብዙዎችን ያሳስታል። በሣር ክዳን ቤት የኖረ ሣጥን ጢስ ያጠቁረዋል፤ ነገር ግን ጢሱ የሚያርፈው ከላይና ከፊት ነው። ግድግዳውን የተጠጋው ጀርባና መሬቱን የሚያየው ሆድ ይነጣሉ፤ እጅ የሚነካው ቦታ ደግሞ ይወለወላል። በስድስቱም ገጽ እኩል የጠቆረ ሣጥን ያጠቆረው ዘመን ሳይሆን ሰው ነው።

ከደብረ ታቦር የመጣ ዕቃ ሁሉ «የጋፋት ሥራ» ሲባል መስማትም የተለመደ ነው። በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው፣ በ1859 ዓ.ም. ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አስቀልጠዋል፤ መድፉም በሠረገላ ወደ መቅደላ ተጓዘ። የጋፋት ዝና የመድፍ ዝና ነው። ማስረጃ ሳይቀርብ ለመሳቢያ የሚለጠፍ የጋፋት ስም ለሻጩ ኪስ እንጂ ለሣጥኑ ታሪክ የሚጨምረው ነገር የለም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ መምጣት ይገባል፤ ይኸውም ሣጥኑ ከየት ወጣ የሚለው ነው። በደጋው ጥሩ ሣጥን የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት መሆኑ ከላይ ተነግሯል። መስቀል የተፋቀበት፣ የሐረግ ጌጥ ያለው መዝጊያ የተነቀለበት፣ የቅርጹ ነገር የመንበረ ታቦት ክፍል የሚመስል ዕቃ በቀረበ ጊዜ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ ገዢው እጁን መሰብሰብ አለበት። እንዲህ ያለው ዕቃ የምእመናን ሁሉ ነው እንጂ አንድ ሰው ቁልፍ ስለያዘ የሚሸጠው አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲያስመዘግብ፣ ያለፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ደንግጓል። ሕጉ ባይኖርስ? «ዋናው ነገር ዕቃው መዳኑ ነው፤ እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ክርክር በአፍ ያምራል፤ ነገር ግን የሚቀጥለውን ዕቃ ቤት የሚያስከፍተው የዚህኛው ገዢ ገንዘብ ነው።

የአንድ ቤተሰብ ሣጥን ሲሆን ነገሩ ይለያል። ባለቤቱ እያለ፣ በፊቱ፣ በምስክር ይገዛል። ገዢውም የሣጥኑን መንደር፣ የሠራውን አናጢ ከታወቀ፣ ምን ይቀመጥበት እንደነበረ ጠይቆ ጽፎ መሳቢያው ውስጥ ቢያኖር፣ ከሣጥኑ ግማሹን ዋጋ የያዘ ወረቀት አገኘ ማለት ነው። ያለዚያ ወረቀት የዋንዛ ጣውላ ብቻ ይሆናል።

ከግዢ በኋላ ብዙውን ጥፋት የሚያደርሰው ትጋት ነው። ሣጥኑ ገና ከመኪና ሳይወርድ ብርጭቆ ወረቀትና ቨርኒሽ የሚያዘጋጅ ሰው አለ። በአንድ ከሰዓት የመቶ ዓመት እጅና ጢስ ተፍቆ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ባለፈው ሳምንት ከተሠራው አይለይም። ለስላሳ ብሩሽ፣ ደረቅ ጨርቅና ትዕግሥት ይበቃሉ። ገጹ በጣም ከደረቀ ንጹሕ የንብ ሰም በጥቂት አኳራጃ ከእሳት ርቆ ይለሰልስና፣ ስስ ሆኖ ተቀብቶ ይወልወል። የኑግ ዘይት ግን አይመከርም፤ ቶሎ አይደርቅም፤ አቧራ እየሰበሰበ ይጣበቃል። ለአጥር ምሰሶ የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይትማ ሽታውም እድፉም ከእንጨቱ አይወጣም።

እንጨት ከተቆረጠም በኋላ በአየሩ እርጥበት ያብጣል፣ ይኮማተራልም። በርዝመቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ በጎኑ ግን ይንቀሳቀሳል። ከደብረ ታቦር ብርድና ጢስ ወጥቶ በመስታወት በኩል ፀሐይ ወደሚመታው የአዲስ አበባ ሳሎን የገባ ሣጥን በመጀመሪያው በጋ ቢሰነጠቅ አያስደንቅም። ከመስኮትና ከምድጃ ይራቅ፤ ከሲሚንቶው ወለል በትንንሽ እንጨት ከፍ ይበል፤ ከግድግዳውም አንድ ጋት ያህል ይለይ። ስንጥቁን በኮላና በሰጋቱራ ለመድፈን መቸኮል አይገባም፤ ክረምት ሲመጣ እንጨቱ ሲያብጥ የተደፈነው ነገር ሌላ ስንጥቅ ይወልዳልና።

ነቀዝን በተመለከተ፣ ቀዳዳ ማየት ብቻ አያስደነግጥም፤ ነዋሪው ከወጣ ስንት ዓመት እንደሆነው አይታወቅም። ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ተነጥፎ ጥቂት ሳምንት ይጠበቅ። አዲስ ነጣ ያለ ብናኝ ከወረደ ነፍሳቱ ሕያው ናቸው። መሳቢያው ብቻ ከሆነ የተያዘው፣ በላስቲክ በደንብ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ሲወጣም የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ላስቲኩ አይከፈት። ዲዲቲና የመሳሰለው መርዝ ልብስ በሚታጠፍበት ዕቃ ውስጥ ቦታ የለውም። ይፋግን በመሰለ ቆላማ ዳርቻ ግን ከነቀዝ ይልቅ የሚያሰጋው ምስጥ ነው፤ እርሱ የሚመጣው ከመሬት ስለሆነ እግሮቹ በየጊዜው ይታዩ።

በመጨረሻም በክረምት አልሳብ ያለ መሳቢያ አለ። ባለቤቱ ተናዶ ለአናጢ ይሰጠዋል፤ አናጢውም ጎኑን ይልገዋል፤ በጥር መሳቢያው እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል። ይልቅስ መሳቢያው የሚንሸራተትበት ጠርዝ በጧፍ ይታሽ፤ ያም ካልበቃ እስከ ኅዳር ይቆይ።