ማርሚታ በዳገትና በቁልቁለት
ስለ ፊያት መኪኖች የጭስ ማውጫ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ጤፍ ጭኖ ከሞጣ የተነሣ መኪና በደብረ ወርቅና በቢቸና በኩል አልፎ ደጀን ሲደርስ ከፊቱ የሚጠብቀው የዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ደግሞ ዳገት ነው። በዚህ መንገድ ላይ የመኪናው ጉልበትም ልጓምም አንድ ላይ ይፈተናሉ። ለዛሬው ንግግር የተመረጠው የመኪና ክፍል በሁለቱም ፈተናዎች ድርሻ ያለው፣ ነገር ግን ካልጮኸ ወይም ካልተቀደደ በቀር ማንም የማያስታውሰው ማርሚታና ከእርሱ ጋር የተያያዘው የጭስ ማውጫ ቧንቧ ነው። ታሪኩም ከአንድ የመኪና ፋብሪካ፣ ከፊያት ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው።

ፊያት እ.ኤ.አ. በ1899 በጣሊያን አገር በቱሪን ከተማ ተመሠረተ። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን ሲወር ስንቁንና ጥይቱን ካመላለሱለት መኪኖች መካከል እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው ባለናፍጣ ሞተር ፊያት 634 ይገኝበታል። ስለሆነም ፊያት ወደ አገራችን የገባው በመልካም ዕለት እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም። ወራሪው ተባርሮ ከወጣ በኋላ ግን መኪናው የጦር መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የነጋዴና የገበሬ አገልጋይ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የተሠራው ፊያት 682 በተለይም ኤን ትሬ የተባለው ዓይነት በአፍሪካ መንገዶች ስሙ ገነነ። በአዲስ አበባ ደግሞ ትንሿ ሴቼንቶ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የታክሲ ተሳፋሪ ስታመላልስ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አምቼ የፊያትን፣ ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተውን የኢቬኮን የጭነት መኪኖች ሲገጣጥም ቆይቷል። ጎማ፣ ማርሽ፣ ፖምፓ፣ ካንዴላና ማርሚታ የሚሉት የጋራዥ ቃሎቻችንም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ማርሚታ በመጀመሪያ ትርጉሙ ትልቅ ድስት ማለት ነው።

ይህን «ድስት» የዝና ዕቃ ያደረገው በቪየና የተወለደው ካርሎ አባርት ነው። አባርት እ.ኤ.አ. በ1949 ያቋቋመው ድርጅት ለፊያት ትናንሽ መኪኖች፣ ለሴቼንቶና ለመሰሎቿ የተሻሻለ ማርሚታ እየሠራ ይሸጥ ነበር። ጭሱ በብዙ ክፍልፋይ እየተጋጨ ከሚዞርበት ከተለመደው ማርሚታ ይልቅ፣ የአባርት ሥራ ጭሱን ቀዳዳ በበዛበት ቧንቧ በቀጥታ የሚያሳልፍና ድምፁን በዙሪያው በታጨቀ የመስታወት ጭረት የሚያለዝብ ነበር። ገበያው ሞቀለት፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1971 ፊያት ራሱ ድርጅቱን ገዛው። ይሁን እንጂ አባርት መኪና ሲያፈጥን ማርሚታውን ብቻ ለውጦ አያበቃም ነበር። ካርቡሬተሩን ያሰፋል፣ ካምሻፍቱን ይለውጣል፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን እመቃ ከፍ ያደርጋል። ሞተሩ አስቀድሞ ብዙ አየር ካልሳበ ሰፊ መውጫ ብቻውን እንደማይጠቅመው ያውቅ ነበርና።

ይህ ቁም ነገር ወደ ጎጃም ደጋ ሲመጣ ክብደቱ ይጨምራል። ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በምጽዋ 180 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በሞጣ ወደ 135 ይወርዳል። ከፍታው 45 የፈረስ ጉልበት ቀረጥ አስከፈለው ማለት ነው።

ሾፌሩ የጎደለውን ጉልበት ፍለጋ ማርሚታውን ቢያስቆርጥ ምን ያተርፋል? ደኅና የሆነ ማርሚታ በጭሱ ላይ የሚያሳድረው የመልስ ግፊት 0.07 ባር ያህል ነው። በአንጻሩ እንደ ኤን ትሬ ያለ ሞተር በሙሉ ጭነት ሲሠራ በፒስቶኑ ላይ የሚያርፈው አማካይ የሥራ ግፊት ወደ 8 ባር ይጠጋል። ስለዚህ ማርሚታውን ፈጽሞ ማስወገድ የሚመልሰው ከመቶ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የፈረስ ጉልበት ነው። ከፍታው 45 ወስዶ መቁረጡ 2 ቢመልስ፣ የተገኘው ትርፍ ጩኸቱ ነው። ጆሮ ጩኸትን ጉልበት አድርጎ ስለሚሰማ ሾፌሩ ቢደሰት አይፈረድበትም፤ ባለሙያው ግን በጆሮው ብቻ ሊመራ አይገባውም።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ጉልበት ለመጨመር የፖምፓውን ልክ ማሳደግ ነው። አየሩ በሳሳበት አገር ናፍጣ መጨመር የማይነድ ነዳጅ መጨመር ስለሆነ፣ ውጤቱ ጥቁር ጭስና ጥላሸት ነው። ጥላሸቱ ማርሚታውን ይደፍናል፤ የተደፈነው ማርሚታ በበኩሉ ጭሱን ወደ ሲሊንደሩ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ ማርሚታው ቢቆረጥ መኪናው በእርግጥ የቀለለው ይመስላል፤ ዳሩ ግን የታከመው ምልክቱ እንጂ ሕመሙ አይደለም። ለደጋ አገር ትክክለኛው መድኃኒት የፖምፓውን ልክ ለከፍታው መወሰንና የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት፣ ከተቻለም ባለቱርቦ ሞተር መምረጥ ነው። ቱርቦ የሚወጣውን ጭስ ኃይል ተጠቅሞ አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባ በመሆኑ ከፍታው የወሰደውን ትልቁን ድርሻ ያስመልሳል።

እስካሁን የተነገረው ስለ ዳገቱ ነው። ሕይወት የሚያልፈው ግን በቁልቁለቱ ነው።

ጭነቱን ጨምሮ 14 ቶን የሚመዝን መኪና ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ በግምት 1,400 ሜትር ዝቅ ይላል። በዚህ ቁልቁለት የሚለቀቀው ኃይል 192 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ ሙቀት 570 ሊትር ውኃ፣ ማለትም 28 ጀሪካን፣ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ከዚህ ኃይል ውስጥ ጎማውና አየሩ የሚቀንሱት የተወሰነውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ፍሬኑ ብቻውን ይሸከመው ማለት ይህን ሁሉ እሳት በጥቂት የብረት ከበሮዎች ውስጥ ማንደድ ነው። ከበሮው ሲግል ይለጠጣል፣ ሸራውም የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም መኪናው አይሰማውም።

መፍትሔው የሚገኘው በዚያው በጭስ ማውጫው ነው። የሞተር ፍሬን የሚባለው መሣሪያ ከማኒፎልዱ በታች፣ ከማርሚታው በፊት በቧንቧው ውስጥ የተገጠመ መዝጊያ ነው። ሾፌሩ ሲያዝዘው ናፍጣው ይቋረጣል፣ ቧንቧውም ይዘጋል፤ ፒስቶኖቹ የሳቡትን አየር ወደ ተዘጋ ቧንቧ ለመግፋት ስለሚገደዱ ሞተሩ መኪናውን መግፋቱን ትቶ ወደ ኋላ የሚይዘው ይሆናል። ስሌቱ እንዲህ ነው። መኪናው 20 ኪሎ ሜትሩን ቁልቁለት በአንድ ሰዓት ቢወርድ መያዝ ያለበት ኃይል 53 ኪሎዋት ያህል ነው። ስፋቱ 10.7 ሊትር የሆነ ሞተር በደቂቃ 1,900 ጊዜ ሲዞርና በተዘጋው ቧንቧ ውስጥ 3 ባር ግፊት ሲኖር ወደ 50 ኪሎዋት ይይዛል። ይህ በሐሳብ የተሰላ ልክ ነው፤ በመንገድ ላይ የሚገኘው ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ሆኖም የሞተሩ የራሱ ሰበቃና የጎማው መከላከል ሲደመሩበት የመደበኛው ፍሬን ሸክም እጅግ ይቀልላል። ይህ የሚሆነው ግን ማርሹ ከባድ ሲሆንና ሞተሩ በበቂ ፍጥነት ሲዞር ብቻ ነው። ማርሽ ነጻ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ መውረድ ይህን ጥበቃ በገዛ እጅ መጣል ነው።

እንግዲህ በጭስ ማውጫ ላይ የሚደረግ ማንኛውም «ማሻሻያ» በዚህ ሚዛን ይመዘን። ከመዝጊያው በፊት ያለው ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ ግፊቱ ያመልጣል፤ በዳገት ጥቂት ድምፅ የነበረው ቀዳዳ በቁልቁለት የፍሬን ጉድለት ይሆናል። መዝጊያው በጥላሸት ሲጣበቅ ነቅሎ በባዶ ቧንቧ መተካት ለጭሱ መንገዱን የሚያቀናለት ይመስላል፤ ለሾፌሩና ለረዳቱ ግን የዓባይን በረሃ ያለ ልጓም እንዲወርዱ መፍረድ ነው። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው የኅዳሴ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2008 ተመርቆ መሻገሪያው ታድሷል፤ ቁልቁለቱ ግን ያው ነው።

ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀውም ግልጽ ነው። መኪና ሲመረመር የሞተር ፍሬኑ መዝጊያ በሙሉ መዝጋቱና መከፈቱ፣ ናፍጣውም አብሮ መቋረጡ ይታይ። ጋራዦች ለደጋ የሚሆን የፖምፓ ልክ እንዲያውቁ ትምህርት ይሰጥ። ለሾፌሩም የመጣበትን ዳገት በወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን እንዲወርድ፣ ማርሹንም ደጀን አፋፍ ላይ ሳለ፣ መኪናው ፍጥነት ሳይጨምር በፊት እንዲያስገባ ይነገረው። አባርት ማርሚታውን ያቀናው ለውድድር ሜዳ ነበር። ከሞጣ ለሚነሣው ጤፍ ጫኝ የሚያስፈልገው ግን በዳገት በወጉ የሚከፈት፣ በቁልቁለትም በወጉ የሚዘጋ ጭስ ማውጫ ነው።